ሕጉ የሚያየው እኛን ብቻ ነው? ስለ ሕገ ወጥ ስደትና ስለ አድሏዊ የሕግ አፈጻጸም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ሐዋሳ የሕግ ምክር ስሰጥ፣ ልጆቻቸው ደቡብ አፍሪካ ያሉባቸው ወላጆች፣ ከመንገድ የተመለሱ ልጆችና ለመሄድ ያሰቡ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ አስፍሬዋለሁ። ከአዋጆች ቁጥር ጋር ከተጻፉት በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከኢትዮጵያ መውጣት ራሱ ወንጀል ነው?

አይደለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት፣ ወደ አገሩም የመመለስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፓስፖርቱን ይዞ ሞያሌ ላይ ማኅተም አስመትቶ ወደ ኬንያ የሚገባ ኢትዮጵያዊ ቪዛ እንኳን አይጠየቅም። ችግሩ የሚጀምረው ያለ ፓስፖርት በጫካ ሲታለፍ፣ ወይም ከኬንያ ወዲያ ታንዛኒያ፣ ማላዊና ሞዛምቢክ ያለ ፈቃድ ሲገባ ነው። ከሐዋሳ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በየድንበሩ የሚሠራው የየአገሩ ሕግ እንጂ የእኛ ሕገ መንግሥት አይደለም።

ስለዚህ «መውጣት መብቴ ነው» የሚል ወጣት ትክክል ነው። «እንግዲያው የትም መግባት መብቴ ነው» ካለ ግን ተሳስቷል። የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም ቢሆን መብት ያደረገው መውጣትን፣ ወደ አገር መመለስንና ከመሳደድ ሸሽቶ ጥገኝነት መጠየቅን ነው።

«ሕገ ወጥ ስደተኛ» ማለት ወንጀለኛ ማለት ነው?

እንደ አገሩ ይለያል፤ በአንድ አገር ውስጥም እንደ አገባቡ ይለያል። በአሜሪካ ድንበሩን ያለ ፍተሻ አልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው እስከ 6 ወር የሚያስቀጣ ቀላል ወንጀል ፈጽሟል። በትክክለኛ ቪዛ ገብቶ ጊዜው ካለፈ በኋላ የቀረ ሰው ግን ከአገር ሊያስወጡት ይችላሉ እንጂ በመቅረቱ ብቻ በወንጀል አይከሰስም። በደቡብ አፍሪካ ያለ ፈቃድ መግባትም መቆየትም በገንዘብ ወይም እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ያስቀጣል። ጥገኝነት ጠይቆ ማመልከቻው በመታየት ላይ ያለ፣ እዚያ ያሉ ልጆቻችን «ወረቀት» የሚሉትን በየጊዜው የሚታደስ ፈቃድ የያዘ ሰው ደግሞ በሕግ ፊት ሕገ ወጥ አይደለም።

ይህን ልዩነት ደጋግሜ የምናገረው ቃሉ ራሱ ስለሚፈርድ ነው። አንድ ጊዜ «ሕገ ወጥ» የተባለ ሰው ሲዘረፍ ለፖሊስ አያመለክትም፤ ደመወዙ ሲበላ አይከስም። የሚዘርፈውም፣ ደመወዙን የሚበላውም ይህን ያውቃሉ።

ሰውን ድንበር ማሻገርና በሰው መነገድ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሁለቱንም የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው፤ የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 909/2007ን የተካ ነው። ድንበር ማሻገር ማለት ተጓዡ ፈቅዶና ከፍሎ በሕገ ወጥ መንገድ ከአገር አገር ማሳለፍ ነው። በሰው መነገድ ግን በማታለል፣ በማስገደድ ወይም ችግርን መጠቀሚያ በማድረግ ሰውን ለብዝበዛ መመልመል፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል ነው። ሁለቱም በከባድ እስራት ያስቀጣሉ።

በተግባር ግን አንዱ ወደ ሌላው ሲለወጥ እናያለን። ከሆሳዕና በፈቃዱ የተነሳው ልጅ መንገድ ላይ ታግቶ ቤተሰቡ ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠየቅ፣ ጉዞው ፈቅዶ የገባበት ጉዞ መሆኑ አብቅቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታንዛኒያ ከ40 በላይ፣ በማርች 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት 64 ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በ2022 መጨረሻ ደግሞ በማላዊ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በዛምቢያ ሉሳካ አጠገብ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። እነዚያ ልጆች መንገድ የጀመሩት ፈቅደው ነበር።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2012 የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮል ድንበር እንዲሻገር የተደረገ ሰው በመሻገሩ ብቻ በዚያ ፕሮቶኮል መሠረት በወንጀል እንዳይከሰስ ይላል። ዒላማው አሻጋሪው ነው። ይህን ልብ ይበሉት።

አድሏዊ የሕግ አፈጻጸም ሲባል ምን ማለት ነው?

አሥር ባጃጅ ከልክ በላይ ጭኖ ሲያልፍ ትራፊኩ አንዱን ቢያስቆም አድልዎ አይደለም፤ ሁሉንም ማስቆም አይችልምና። የትኛውም መንግሥት ሕግን ሁሉ በሁሉም ላይ በእኩል ቀን አያስፈጽምም። ጥያቄው የተመረጠው በምን ተመርጦ ነው የሚለው ነው። በጣም ለአደጋ የተጋለጠው ባጃጅ ተመርጦ ከሆነ ማስተዋል ነው። በየቀኑ የሚቆመው የአንድ ሰፈር ልጅ፣ የሚያልፈው ደግሞ የሹም ዘመድ ከሆነ ግን ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ ሁለት ሆኗል።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ድሮ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ባለበት ይቆም ነበር። የቃሉ ኃይል ያለው ተጣሪው ማንም ሊሆን በመቻሉ፣ የሚቆመውም ማንም በመሆኑ ላይ ነበር። ጌታውን የማያስቆም «በሕግ አምላክ» ማስፈራሪያ ብቻ ነው።

በፍርድ ቤት ታሪክ ከሁሉ ግልጹ ምሳሌ የሳን ፍራንሲስኮ ልብስ አጣቢዎች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ከተማዋ በእንጨት ቤት ልብስ ማጠብ ያለ ፈቃድ አይቻልም አለች። ደንቡ ቻይናዊ የሚል ቃል የለበትም፤ ስለ እሳት አደጋ ብቻ የሚናገር ይመስላል። ፈቃድ ከጠየቁት 200 ያህል ቻይናውያን ግን ሁሉም ተከለከሉ፤ ቻይናዊ ያልሆኑ 80 ሰዎች በተመሳሳይ ቤት እያጠቡ ሥራቸውን ቀጠሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1886 ደንቡ በወረቀት ላይ ትክክል ቢሆንም አፈጻጸሙ አድሏዊ ከሆነ ሕገ መንግሥትን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ክሱን ያቀረቡት ዜጎች አልነበሩም፤ የውጭ ሰዎች ነበሩ።

ለምንድን ነው ተጓዡና ሾፌሩ የሚያዙት፣ ዋናው ደላላ ግን በሰላም የሚኖረው?

ይህን የማይጠይቀኝ ሰው የለም። በኬላ ላይ የሚገኙት ተጓዡና ሾፌሩ ስለሆኑ የሚያዙትም እነሱ ናቸው። ሰንሰለቱ ግን ረጅም ነው። በሀዲያ ወይም በከምባታ ቀበሌ ልጁን የሚያግባባ አለ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ ነው። ከተማ ላይ ተቀብሎ የሚያሳድር አለ። ሞያሌ ላይ ሌላ፣ ናይሮቢ ላይ ሌላ ተቀባይ አለ። ዋናው ሰው መኪናውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ገንዘቡ በሐዋላና በዘመድ እጅ ስለሚዞር ስሙን ከወንጀሉ ጋር የሚያገናኝ ወረቀት አይገኝም። የሚቀረው ማስረጃ የሰው ምስክር ነው፤ ምስክሩም የከፈለው አባት ነው። ያ አባት እንዴት ይመሰክራል? ልጁ ገና መንገድ ላይ፣ በዚያው ደላላ ሰዎች እጅ ነው። ልጁ ከሞተ በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎች ይገቡና ገንዘቡ ይመለሳል፤ ነገሩ በእርቅ ያልቃል። አንድ አባት ቢሮዬ ተቀምጠው «ልጄን አይመልስልኝ፤ ከጎረቤቴ ጋር ለምን ልጣላ?» ብለውኛል። መልስ አልነበረኝም። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከለላ የሚሰጥ ሕግ ነው፤ ወደ ቢሮዬ ከሚመጡ ቤተሰቦች መካከል ግን መኖሩን የሚያውቅ ገጥሞኝ አያውቅም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ በዝምታ ባልፈው አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ያ ሁሉ ኬላ ያለ ገንዘብ አይታለፍም። አሻጋሪ ከተጓዡ የሚቀበለው ክፍያ የመኪና ኪራይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ውድ ባልሆነ ነበር። ሕግ አስከባሪ በተገዛበት ቦታ የሚያዘው መክፈል ያቃተው ነው።

ትልቁ ሲያዝም መቆየቱ አጠራጣሪ ነው። በሊቢያ ካምፖች ብዙ ስደተኞችን አግቶ በማሰቃየት የታወቀው ኤርትራዊው ኪዳነ ዘካርያስ አዲስ አበባ ላይ ተይዞ በመዳኘት ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ከፍርድ ቤት አመለጠ። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት በሌለበት ነው። እንደገና የተያዘው በ2023 መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ ነበር። በአንድ በኩል ይህን፣ በሌላ በኩል ሃያ ሰው ጭኖ የተያዘውን የአይሱዙ ሾፌር ሳስብ፣ ቤተሰቦች ለምን እንደሚመረሩ ይገባኛል።

ለምን በሕጋዊ መንገድ አይሄዱም?

በሩ ለሁሉም እኩል ስላልተከፈተ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው ቁጥር 1246/2013 ከመንግሥት ጋር ስምምነት ወዳላቸው አገሮች ሠራተኛ የሚላክበትን መንገድ ያበጃሉ፤ በዋናነት የሚያገለግሉትም ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሥራ የሚሄዱ ሴቶችን ነው። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ የመሥራት ተስፋ ላለው የሀዲያ ወጣት ያ መንገድ አያገለግለውም።

በሩ ለሴቶቹም የተዘጋበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ መንግሥት ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን አገደ፤ እገዳው እስከ 2018 ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ጉዞው አልቆመም፤ ሕጋዊው ኤጀንሲ ቢሮውን ሲዘጋ ደንበኛው ወደ ደላላው ሄደ።

ልጃችን በመንገድ ላይ ወይም በደቡብ አፍሪካ ቢታሰር ምን መብት አለው?

በኢትዮጵያ ውስጥ ከተያዘ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በደቡብ አፍሪካም የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በጁን 2017፣ ወረቀት የለውም ተብሎ የታሰረ የውጭ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ በአካል ዳኛ ፊት እንዲቀርብ አዟል። በየትም አገር ቢታሰር የኢትዮጵያ ኤምባሲ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህን የሚደነግገው የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት ነው። ከመሳደድ ሸሽቶ ከሆነ ደግሞ ኤምባሲ ሳያናግር በፊት ጠበቃ ማግኘት ይሻለዋል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በአንድ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ ላይ የሰጠውን ውሳኔ እዚያ ላሉት ንገሩልኝ። ፍርድ ቤቱ ጥገኝነት እጠይቃለሁ ያለ ሰው፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ማመልከቻው ሳይታይ ከአገር አይባረርም አለ። በ2023 በሌላ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ ያንኑ አጸና፤ ግን ለመጠየቅ ማሰቡ ብቻ ከእስር አያስፈታውም ሲል ጨመረበት። የጥገኝነት ሕጉ በየጊዜው ስለሚሻሻል ዛሬ የሚሠራውን እዚያ ያለ ጠበቃ ይንገረው።

ለቤተሰብ የምመክረው ይህን ነው፦ የልጁን ፓስፖርት ወይም የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ ቤት አስቀምጡ። «ታስሯል፣ ይህን ያህል ካልላካችሁ» የሚል ስልክ ሲመጣ ልጁን በድምፁ ሳታነጋግሩ ገንዘብ አትላኩ። ድምፁ ከጠፋ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ አገልግሎት አለው፤ ገንዘብ አያስከፍልም።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚዘጋው የእኛ ሱቅ ብቻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት የሆነባቸው ጊዜያት አሉ፤ ፍርድ ቤትም መስክሮበታል። በ2012 የሊምፖፖ ፖሊስ «ኦፕሬሽን ሃርድስቲክ» በሚል ዘመቻ ፈቃድ የላችሁም እያለ ከ600 በላይ ሱቆችን ዘጋ፤ ዕቃም ወሰደ። ዘመቻው የተነጣጠረው የሶማሊያና የኢትዮጵያ ሰዎችን በመሰሉ ጥገኝነት ጠያቂዎችና ስደተኞች ላይ ነበር። የሶማሌዎቹ ማኅበር በደቡብ አፍሪካ ካለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ጋር ሆኖ ከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አሰናበታቸው። ይግባኝ ሰሚው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በሴፕቴምበር 2014 ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች የንግድ ፈቃድ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌለውን ሰው ከሥራ መከልከል ሰብአዊ ክብሩን መንካት እንደሆነ ወሰነ። በሎኬሽን (በጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ሱቁ የተዘጋበት ልጃችን «እኛን ብቻ» ሲል ማልቀሱ ብቻ አልነበረም፤ ትክክል ነበር።

ሁሉም ዘመቻ ግን አድልዎ አይደለም። በ2024 ከትናንሽ ሱቆች ከተገዛ ምግብ ጋር ተያይዞ ከ20 በላይ ሕፃናት ሞቱ። በሶዌቶ የሞቱትን ስድስት ልጆች የገደላቸው በመንገድ ላይ ለአይጥ ማጥፊያ የሚቸረቸር የእርሻ መርዝ እንደሆነ ተረጋገጠ። ፕሬዚዳንት ራማፎሳ በኖቬምበር «ስፓዛ» የሚባሉት የሰፈር ትናንሽ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ፤ ጊዜው በኋላ ተራዘመ። ትእዛዙ ዜጋና የውጭ ሰው አልለየም። የሞቱት የሰው ልጆች ናቸው፤ መርዝና ዱቄት በአንድ መደርደሪያ የሚያስቀምጥ ባለሱቅ የእኛ ወገን ቢሆንም አልከራከርለትም። ቅሬታዬ በአንዳንድ ቦታ የሰፈር ቡድኖች የምዝገባ ቢሮ ደጃፍ ቆመው የውጭ ሰዎችን ሲመልሱ በመታየታቸው ነው። ተመዝገብ ተብሎ የታዘዘ ሰው እንዳይመዘገብ ከተከለከለ በኋላ «አልተመዘገበም» ተብሎ መቀጣቱ ከሕግ ጋር አይገናኝም።

የሰፈር ሰዎች መጥተው «ወረቀትህን አሳይ» ቢሉት ማሳየት አለበት?

የለበትም። በደቡብ አፍሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ መታወቂያ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው የኢሚግሬሽን መኮንን ወይም ፖሊስ ብቻ ነው። «ዱዱላ» በዙሉ ቋንቋ ግፋ እንደ ማለት ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራው ቡድን በየክሊኒኩና በየሱቁ ወረቀት ሲጠይቅ ከቆየ በኋላ፣ የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2025 እንዲህ እንዳያደርግ አግዶታል።

ሰዎቹ ለምን እንደሚነሱ ግን መስማት አለብን። «ፖሊስ ጉቦ በልቶ ይለቃቸዋል፤ መንግሥት ሕጉን ስለማያስፈጽም እኛ እናስፈጽማለን» ይላሉ። የቅሬታው ሥር እኛ ስለ ደላላው ከምንለው ጋር አንድ ነው። መዘዙን ደግሞ አይተነዋል፦ በሜይ 2008 በተነሳው ግድያ ከሞቱት 62 ሰዎች 21ዱ ራሳቸው ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። መንጋ ወረቀት ማንበብ አይችልም። በኤፕሪል 2015 እንደገና የውጭ ሰዎች ሲጠቁ መንግሥት «ኦፕሬሽን ፊኤላ» የተባለ ዘመቻ ጀመረ፤ በሶቶ ቋንቋ መጥረግ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ከሺህ የሚበልጡ ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች ታሰሩ። የተደበደበው ሰው ተጠራጊ ሆነ።

ወረቀት የሌለውን የሚቀጥረው ባለሀብት ለምን አይጠየቅም?

ሕጉ ይጠይቀዋል፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከላይ እንዳልኩት በደቡብ አፍሪካ ያለ ፈቃድ የኖረው ሠራተኛ እስከ 2 ዓመት ይታሰራል። እያወቀ የቀጠረው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በገንዘብ ወይም እስከ 1 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ከሥራው የሚያተርፈው ከሚሠራው ያነሰ ቅጣት ተደንግጎለታል። አሜሪካም በ1986 እያወቁ መቅጠርን ከለከለች፤ በዚያው ሕግ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መኖሪያ ፈቃድ አገኙ። ከዚያ ወዲህ በቀጣሪዎች ላይ የሚመሠረት ክስ ከሚባረረው ሠራተኛ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ምክንያቱ ከባድ አይደለም፦ «ማወቁን» ማስረዳት ያስቸግራል፣ ቀጣሪው ጠበቃ አለው፣ ቲማቲሙም መለቀም አለበት።

አሜሪካኖቹ በዚህ ጉዳይ የሚጨቃጨቁት በምንድን ነው?

በአጭሩ፣ ሁለቱም ወገን «ሕጉ በምርጫ ነው የሚሠራው» ብሎ ይከሳል። አንደኛው ወገን መንግሥት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ለዓመታት እያየ ዝም ብሏል፣ አንዳንድ ከተሞችም ከኢሚግሬሽን ጋር አንተባበርም ብለዋል፣ እንዲህ ከሆነ ሕግ ለሚታዘዝ ሰው ብቻ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ፍተሻው በመልክና በቋንቋ ነው፣ ቀጣሪው ሳይነካ የሚነካው አትክልት ለቃሚው ነው፣ ለብዙ ዓመታት የኖረና ልጆቹ እዚያ የተወለዱ ሰው ትናንት እንደገባ አይታይም ይላል። አሪዞና በ2010 ፖሊስ የተጠረጠረን ሰው ወረቀት እንዲጠይቅ የሚያዝ ሕግ አወጣች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 አብዛኞቹን የተከራከሩባቸውን ድንጋጌዎች ሲሽር ያንን አንዱን ግን ለጊዜው አሳለፈው።

ከሐዋሳ ሆኜ ሳየው የመጀመሪያውን ወገን ቅሬታ ማጣጣል አልችልም። በየዓመቱ በኢንተርኔት ቤት ተሰልፎ ዲቪ የሚሞላ፣ ለአሥር ዓመት ሳይደርሰው የቀረ ሰው አውቃለሁ፤ ዘሎ የገባው መኖሪያ ሲያገኝ ለምን እንደሚከፋው ይገባኛል። ግን የዚያ ሰው ወንበር በአትክልት ለቃሚው አልተወሰደበትም። መጠኑን በዓመት 50 ሺህ ገደማ ያደረገው የሕጉ ወሰን ነው።

«ሌሎችም ያደርጉታል፣ ለምን እኔን ብቻ?» የሚለው በፍርድ ቤት መከላከያ ይሆናል?

ብዙውን ጊዜ አይሆንም፤ ይህን ለደንበኛ መናገር ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ነው። የሌላው ማምለጥ የእርስዎን ጥፋት አያጠፋም። በሰውነትዎ ወይም በወገንዎ ምክንያት ተመርጠው እንደተያዙ ማስረዳት ይጠበቅብዎታል፤ ለዚህ ደግሞ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ እያሉ ያልተያዙ ሰዎችን ማሳየት ያስፈልጋል። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ የተሳካላቸው 80ውን ማሳየት ስለቻሉ ነው። የሊምፖፖዎቹም እንደዚሁ ተደራጅተው ዘመቻውን በሙሉ ስለከሰሱ እንጂ እያንዳንዱ ባለሱቅ ለየብቻው ቢቆም ኖሮ አይሰማም ነበር። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆኑ ይናገራል፤ «ዜጎች» ሳይሆን «ሰዎች» ይላል።

ከአገር መባረርን በተመለከተ ግን በሩ ይበልጥ ጠባብ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ ያለ ሰው በአጠቃላይ «ተመርጬ ነው የምባረረው» ብሎ መባረሩን መከላከል አይችልም ሲል ወስኗል። በ1886 ለልብስ አጣቢዎቹ የተከፈተው በር፣ ወረቀት ለሌለው ሰው ተዘግቷል ማለት ነው። ውሳኔው ትክክል አይመስለኝም። ሥልጣን ያለው አካል ከሚሊዮኖች መካከል የፈለገውን መርጦ እንዲያባርር፣ ለምን እንደመረጠም እንዳይጠየቅ ካደረግነው፣ ሕግ ሳይሆን ፈቃዱ እየገዛ ነው።

ሕግ የጣሰ ሰው ስለ ሕግ እኩልነት የመናገር መብት አለው?

ይህን የጠየቀኝ የሕግ ተማሪ ነበር፤ በቁጣ ነው የጠየቀው። አለው። የአበው አባባል «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላል። ተናጋሪው በቅሎዋ ለምን ተወሰደች አላለም፤ ዳኛ አይቶ ከፈረደበት ይቀበላል። የሚያንገበግበው ትንሿ ነገር ያለ ዳኛ መሄዷ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የተመለሱ ልጆችም ብዙዎቹ መባረራቸውን በዚህ መልክ ነው የሚነግሩኝ። «ወረቀት አልነበረኝም፣ አባረሩኝ» የሚለው ሲናገር ረጋ ብሎ ነው። ድምፁ የሚለወጠው ፖሊሱ ገንዘቡን ተቀብሎ ሦስት ጊዜ ከለቀቀው በኋላ በአራተኛው፣ ባዶ ኪስ በነበረ ቀን፣ «ሕግ ነው» እንዳለው ሲነግረኝ ነው።

መንግሥትም ራሱ ሕግ አክባሪ ሳይሆን ሲቀር የስደተኛው መተላለፍ ብቻ መታየት የለበትም። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ታውን የስደተኞች መቀበያ ቢሮ በ2012 ለአዲስ አመልካቾች ተዘጋ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 መዘጋቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ እስከ ማርች 2018 እንዲከፈት አዘዘ። ቀኑ አለፈ፤ ቢሮው ግን ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተከፈተም። እዚያ የነበረ ልጅ «ወረቀት የለህም» ተብሎ ሲያዝ፣ ወረቀት የሚሰጠው ቢሮ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሶ ተዘግቶ ነበር።

እኛስ በአገራችን ባሉ የውጭ ሰዎች ላይ ሕጉን በእኩል እናስፈጽማለን?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቀኝም፤ የጠየቁኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ደቡብ አፍሪካ ኖረው የተመለሱ። ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች ያሉባት አገር ናት። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመሥራትና የመዘዋወር መብት በመፍቀዱ በአፍሪካ ከተመሰገኑት አንዱ ነው። በሥራ ላይ ሲታይ ግን መብቱ ከወረቀቱ ወደ ሰውየው እጅ የሚደርሰው በጭንቅ ነው። በ2023 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ከኢትዮጵያ ተገደው መመለሳቸውን አውግዘዋል። በከተማችንም ትግርኛ ወይም ዓረብኛ ሲነገር ሰምተው «የት አገር ሰው ነህ?» ብለው ኪራይ የሚጨምሩ አከራዮች አሉ። ጎረቤቱ ነገሩን ይሰማል፤ ዝም ይላል።

ከሁለቱ አንዱ ዛሬ አቶቴ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለው። በጀርባው ባለች ክፍል አንድ ሱዳናዊ ቤተሰብ ያለ ጭማሪ አከራይቶ፣ የመታወቂያ እድሳታቸው ቀን ሲደርስ የሚያስታውሳቸው እሱ ነው። ለምን እንደዚህ እንደሚያደርግ ስጠይቀው፣ በጆሃንስበርግ የነበረው አከራዩ ፖሊስ በመጣ ቁጥር ቀድሞ በር ያንኳኳለት እንደነበር ነገረኝ።